ሰር ገርቬዝ ሃርኮም ስለገደሏት ቀበሮ

አንወጣም! እርሻችን ላይ እንቀራለን! ባሌ ኦባድያ ቀበሮ አልገደለም፤ የገደሏት እርስዎ ነዎት!

ደስታዬ ሰላምታዬን ቀደመብኝና ይቅርታ። ይድረስ ለክቡር ሰር ገርቬዝ ሃርኮም፣ የወረዳችን የቀበሮ አዳኞች ማኅበር አለቃና የምናርሰው መሬት ባለቤት፦ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ፈረሶችዎና አዲሲቷ አውቶሞቢልዎ እንደምን ከረማችሁ? የሁላችሁንም ጤና፣ በተለይ የአውቶሞቢሏን፣ ከልብ እመኛለሁ። ከዚህ በመቀጠል ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያቺ ቀበሮ ከበራችን አጠገብ ቦይ ውስጥ ሞታ ስትገኝ፣ ሳይጠይቁ ሳይመረምሩ ባሌን በገበያ መካከል «ቨልፒሳይድ!» ብለው ስለጠሩት አመሰግናለሁ። ቀበሮን በፈረስ አሳዶ በውሻ ማስበጣጠስ የጨዋ ሰው ወግ እንደሆነ፣ በጥይት ወይም በወጥመድ የገደላት ግን በዚህ ስም እንደሚጠራ እኛ ገበሬዎችም እናውቃለን። ነፍሰ ገዳይ ቢሉት ኖሮ እኮ ቢያንስ ጠበቃ ይቆምለት ነበር።

ሁለተኛ፣ ለማኅበርዎ ሳሳድጋቸው የነበሩትን ሁለት የአደን ቡችሎች «በቀበሮ ገዳይ ቤት አያድጉም» ብለው ስላስወሰዱብኝ። ቅቤዬን የላሱ፣ ጫማዬን የበሉ፣ እንደ ልጅ ያቀፍኳቸው ነበሩ። ሲወሰዱ እነሱም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ጎረቤቶቼ ግን መጋረጃቸውን ጋረዱ። ቀበሮይቱ የበላችብኝን ዶሮዎች ነገር አላነሳም፤ ሟች አይታማም።

ሦስተኛው እንኳ ምስጋና አይወጣውም። አምና ወንድሜ ከድንጋይ ካባው ወድቆ ሲሞት፣ አዳኞቻችሁ በሬሳ ሳጥኑ አጠገብ እየጋለቡ አለፉ። ለቀበሮይቱ ግን ኮፍያ ወለቀ፤ እኛም ከእርሻው ውጡ ተባልን። ኦባድያ አባቱ በተወለደበት ቤት ውስጥ ከምግብም ከሰውም እየሸሸ ክረምቱን ገፋው።

እግዜር ይስጥዎ፣ የአውቶሞቢልዎ መብራት በመሰበሩ አሳብበው ሾፌርዎን አባረሩት። እሱም መንደርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት መጠጥ ቤት፣ «መሪውን የያዙት ጌታዬ ነበሩ! ቀበሮዋን ገጯትና ‹ቦዩ ውስጥ ጣላት፣ ትንፍሽ እንዳትል› አሉኝ» ብሎ አፈረጠው። መብራቱን የጠገነው አንጥረኛም ቀበል አድርጎ፣ «ታዲያ መብራቱ ላይ የተጣበቀው ቀይ ጸጉር የማን መስሏችሁ ነው፣ የእመቤቲቱ?» አለ።

በማግስቱ ወኪልዎ በእርሻው እንድንቀር የፈረሙበትን ወረቀት ይዞ ከተፍ አለና፣ «ወይዘሮ ታማር፣ ነገሩን በሆድዎ ይያዙት» አለኝ። ሆዴ ሞልቷል፤ ስለዚህ በጋዜጣ ጻፍኩት።

ካልነቀሉኝ የማልነቀል ታዛዥ ጭሰኛዎ፣
የኦባድያ ፒክሪል ሚስት፣ ታማር ፒክሪል

ማስታወሻ፦ ዕቃችንን እንዲጭኑ ያዘዟቸውን ጋሪዎች አይመልሷቸው፤ የቢራ በርሜል ያመጡልናል። እርስዎም፣ ማኅበርዎም፣ ጎረቤቶቼም አንድ ሳትቀሩ ኑልን። ቀኑን እርስዎ ራስዎ ቆርጠውልናል፤ እንድንወጣ ያዘዙበት የመጪው ማርች የእመቤታችን ብሥራት ዕለት ነው።