ጋቢ የለበሰው ማሽን

ሰይዴ፣ አላህ ይዘንልህ፤

ለቅሶህ ላይ አንዲት ሴትዮ ስለ እኔ ለጎረቤቷ «እሷም አሁን ታርፋለች» ስትል ሰማሁ። የምታውቀውን የምትናገር ትመስል ነበርና አመንኳት። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፤ ዕረፍቱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ቤቱ እንደተውከው ነው ብዬ አልዋሽህም። ከሦስቱ የጌም ማሽኖችህ የመኪና እሽቅድድሙ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። የቦክሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ቀርታለች፤ ሰዎቹ መስመሯ ውስጥ ተጋድመው አሁንም ይደባደባሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል። ወንድምህ አሊ «አንጀቱ ቢወጣ ደህና የዶሮ ቤት ይወጣዋል» ይላል። ክፋት የለውም፤ ዶሮ ስለሚወድ ነው።

የአውሮፕላኑ ግን ደህና ነው። ማለቴ፣ አልተነቀለም።

አዲስ አበባ ጌም ቤቶቹ ሲዘጉ በሽንኩርት መኪና ጭነህ ያመጣኸው ቀን ትዝ ይለኛል። ሰፈሩ ፍሪጅ የገዛን መስሎት «መብሩክ» ሊለን መጣ። ጎረቤታችን አያ ይመር በጀርባው በኩል እጁን ሰድዶ «ቅዝቃዜው የታል?» አለ። አንተ ሳትስቅ «ገና ነው» አልከው። የተሰበረ እጀታውን ከአምባሰል ባስመጣኸው ወይራ ቀርጸህ ተካህለት። እዚህ ሐይቅ ከተማ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የገዛ ሁሉ ወፍራሙን እኛ ደጅ ጥሎ ይሄድ ነበር፤ አንተም የእነዚያን ሆድ ዕቃ እያወጣህ ለዚህ ነፍስ ትዘራበት ነበር። ተጫዋች ሲሸነፍ የሚያሰማውን ዜማ «የአምባሰል ቅኝት ነው፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው» ትለኝ ነበር። እኔ የማስተምረው አማርኛ እንጂ ሙዚቃ አይደለም። አሁን ብቻዬን ስሰማው የጎደለውን ድምፅ እፈልጋለሁ።

ሁሉንም የበለጥክ ቀን የስምህን ሦስት ፊደል ከነጥብ ዝርዝሩ አናት ላይ ጻፍክ። ይህ ማሽን የሚያስታውሰው መብራት እስካለው ድረስ ብቻ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ሰውን ሁሉ ረስቶ ፋብሪካ ውስጥ የሰጡትን ስሞች ይደረድራል አልከኝ። ለዚህ ብለህ ከጀርባው የመኪና ባትሪ አሰርክለት። «እኔ ብሞት እንኳ እንዳትነቅይው» አልክ። እየሳቅህ ነበር። እኔም ስቄ እሺ አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል በሳቅ ይገባል?

ለቅሶህ ላይ ሬዲዮው ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማሽኑ ግን ሰው ሳይነካውም በየመሀሉ ለብቻው እንደሚዘፍን ታውቃለህ። ዱዓው መሀል ጀመረ። አያ ይመር «ይሄ ነገር ለቅሶ አያውቅም እንዴ!» ብሎ ሊነቅለው ተነሣ። ከሴቶቹ ክፍል ሮጬ ሶኬቱ ላይ ተደፋሁ። ሰዉ ሐዘን ያንገበገበኝ መሰለው፤ ሴቶቹ እላዬ ላይ ሆነው አለቀሱ። በመጨረሻ አያ ይመር የገዛ ጋቢውን አውልቆ ማሽኑን አለበሰው። ማሽኑም ጋቢው ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ዘፈነ። ጋቢውን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ባትሪው አርጅቷል። መብራት ሲጠፋ ቢበዛ ከቁርስ እስከ ምሳ ነው የሚያቆየው። ከደሴ ባለሙያ አስመጣሁ። ገመዶቹ ላይ ለምልክት ያሰርካቸውን ክሮች አይቶ «ቀዩ ምንድን ነው?» አለኝ። የጥልፍ ክሬ ነው አልኩት። «ቢጫውስ?» እሱም የጥልፍ ክሬ ነው። ሳጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋና «እትዬ፣ ይሄን የሚያውቀው ያሰረው ሰው ነው። እኔ ከነካሁት አጠፋዋለሁ» አለ። ክሮቼ የት እንደሚጠፉ ይገርመኝ ነበር፤ ቢያንስ እሱን አሁን አወቅሁ።

እህቴ ዘይነብ «ፎቶ አንሺውና ተገላገዪ» አለችኝ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ አነሣሁት። ፎቶው ላይ የወጣው ስክሪኑ ላይ ያረፈው የኔ ፊት ነው። ከጠፋ ስምህን መልሼ እንድጽፈው ብዬም ጨዋታውን ተለማመድኩ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት የምትጥለኝ። ያንን ዜማህን በዚህ ከተማ እንደኔ ያስዘፈነው የለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ስምህን አይና መልሼ እሸፍነዋለሁ። የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ሌላ መንገድ አልተማርኩም። ሶኬቱን አልነቅልም፣ ቃሌ ነው። አንተን ለማሰብ ሶኬት አያስፈልገኝም ብዬ ልጨምር ነበር፤ መጻሕፍት ላይ እንዲህ ይባላል። እኔ እንጃ።

ዛሬ ጋቢውን አልገለጥኩትም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሴትዮዋ ያለችው ዕረፍት ይኼ ይሆናል።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም።