አፍንጫዬን አንስቼ የዋሸሁባት አፋፍ

ሲዳር ፍላት፣ ኦሪገን
ኤፕሪል 9

ውድ ዌንዴል፣

የእጅ ጽሑፌን ስታይ ፖስታውን ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ትወረውረው ይሆናል። ብታደርገው አልፈርድብህም። ሰው ፊት ፈሪ ብዬህ ስድስት ዓመት ሰላም ሳልልህ ኖሬአለሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፤ ታውቀኛለህ። የሆነውን በተራው እነግርሃለሁ፤ አንተው ፍረድ።

ባለፈው ጥር ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስነሣ ጉልበቴም ትንፋሼም ተመለሱ፤ ማሽተቴ ግን አልተመለሰም። ያወቅኩት መጥበሻ ላይ የጣድኩት ሥጋ ከሰል ሆኖ፣ ጭሱ ዓይኔን እስኪያቃጥለኝ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ነው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሽንኩርት ቆርጬ አፍንጫዬ ሥር እይዛለሁ። ዓይኔ ያለቅሳል፤ አፍንጫዬ ዝም ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አርባ ሁለት ክረምት ሰው እየመራሁ በበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ወደዚያ ተራራ ወጥቻለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ያለ አፍንጫም እወጣዋለሁ አልኩ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እሳተ ገሞራው በረዶውን ከሥሩ እያቀለጠ ባዶ ያደርገዋል፤ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ሜዳ ነው። የሚያስጠነቅቀን የድኙ ሽታ ብቻ ነበር። ለዚህ አይደል አሮጌው እቶን የምንለው ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ሰዎቹን አቁመን፣ የአፍ መሸፈኛችንን አውርደን፣ ወደ ነፋሱ የምናሸተው? አንተማ እንደ አዳኝ ውሻ አንገትህን እያሰገግህ ታስቃቸው ነበር። ሽታው ከጠነከረ በመጣንበት ዱካ መመለስ ነው፤ ክርክር የለም። ሕጉን ያወጣነው ሁለታችን ነን።

ባለፈው ማክሰኞ አራት ሰዎች ይዤ ወጣሁ። አንዷ ኮሪን የምትባል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከወንድሟ ከቤኔት ጋር ነው የመጣችው። አፏ አያርፍም።

“ሽማግሌው፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ለቀብሬ ነው እንዴ የሚቸኩሉት?” ትለኛለች ከኋላዬ።

“ለወሬ የምታወጪውን ትንፋሽ ለእግርሽ አድርጊው” አልኳት።

አፋፉ ላይ አቆምኳቸው። መሸፈኛዬን አወረድኩ፤ አፍንጫዬን አነሣሁ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ልክ እንደ ድሮው። ምንም አልሸተተኝም።

“ንጹሕ ነው። እንቀጥል።”

“ንጹሕ?” አለች ኮሪን። “እኔ እኮ የተበላሸ እንቁላል አፌ ውስጥ የፈረጠ ነው የመሰለኝ። ቤኔት፣ አንተ ነህ እንዴ?”

“ኧረ ተይኝ! ከልጅነታችን ጀምሮ ሁሉንም በእኔ ታላክኪያለሽ።”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ድኙ እንደሆነ ገባኝ። “እንመለስ” ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ግን ያኔ ለምን ንጹሕ ነው አልክ ይሉኛል።

“ይህ ተራራ ሁሌም ይሸታል” አልኳት። “አፍንጫሽን ተይና ዱካዬን ተከተይ።”

ተከተለችኝ።

ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄድን ከኋላዬ የትልቅ እንስሳ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ቤኔት አፉን ከፍቶ ቆሟል። በእኔና በእሱ መካከል መኖር የነበረባት ኮሪን የለችም። የበር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብቻ፤ ከውስጡም እንፋሎት ይወጣል።

ቤኔት ስኪውን ማውለቅ ጀመረ። “እወርዳለሁ! እህቴ ናት!”

“ብትነቃነቅ እግርህን እሰብረዋለሁ! በሆድህ ተኛ! ጋዙ ከታች ነው ያለው፤ ከወረድክ ሁለት ሬሳ ነው የምንጎትተው!”

ተኛ። እኔም እየተሳብኩ ቀርቤ ገመዱን ወረወርኩላት። ሁለት የሰው ቁመት ታች፣ የበረዶ እርከን ላይ ቆማለች።

“ገመዱን በብብትሽ ሥር አሳልፊው!”

“ሽማግሌው… ዓይኔ ጨለመብኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።”

“አውሪ!” አልኩ። ዝም በይ ስላት የዋልኩት ሰውዬ። “እባክሽ አውሪ! ምንም ይሁን፣ አታቋርጪ!”

አውቶቡሷ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በተራ መጥራት ጀመረች። አንደኛው መጋዘኑ ጋ። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪሟ ቤት። በእያንዳንዱ ድምጿ እየቀጠነ ሄደ፤ ገመዱም በትንሽ በትንሹ ይነቃነቃል። ስድስተኛውን ጠርታ ጸጥ አለች። ዌንዴል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ገመዱን ሳብ ሳደርገው ክብደት አለው፤ አስራዋለች። አራታችንም በሆዳችን ተኝተን ጎተትን። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ወጣች። ነፋሱ ወዳለበት አርቀን ወስደን አስተኛናት። አሳላት፣ አስመለሳት፣ ከዚያም “ሰባተኛው… ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው” አለች።

ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰብሯል፤ ትድናለች። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት እጄን ይዛ “ነፍሴን አተረፉልኝ” አለችኝ። ወንድሟ አቅፎኝ አለቀሰ። የሚቀጥረኝ የአስጎብኚ ቢሮ “ተራራ አይታመንም” ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ለቅዳሜም ስድስት ሰዎች መድቦልኛል። የጠየቀኝ የለም።

ፈርቻለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስኪዬን ሳይ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ዝም ካልኩ ቅዳሜ ተነሥቼ እንደምሄድ ማወቄ ነው። ያንን አፍንጫ አንስቼ “ንጹሕ ነው” እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ አንተ ሬዲዮህን ከአንገትህ አውልቀህ፣ “ዓይኔ የበረዶውን ጎርባጣ መለየት አቁሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው አልመራም” አልክ። ስምንት ሰዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። ፈሪ አልኩህ። ሰዎቹን ዕቃቸውን አሸክመህ ሄድክ። ያን ቃል ለከተማው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንተ ያን ጠዋት ያደረግከውን እኔ እንዳደርግ አንዲት ሴት ጉድጓድ መግባት ነበረባት።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው መኪና ማቆሚያ ያለ ስኪ እገኛለሁ። ለስድስቱም፣ ለቢሮው ሰውዬም እነግራቸዋለሁ። ከቻልክ ና። ያኔ እኔ በቆምኩበት፣ በምልክት ሰሌዳው አጠገብ ቁም። ምላሴ ከተሳሰረ ያልኩህን ቃል መልሰህ በለኝ፤ ጮክ ብለህ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ለኮሪንም እውነቱን ጽፌላታለሁ። የእሷን ፖስታ ካንተ አስቀድሜ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለኝም።

ኦሪን