ስለ ግራ እግር ነጠላ ጫማህ የመጣ መርዶ

ወንድሜ፣ መርዶ ላረዳህ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ካዋስከኝ ነጠላ ጫማ ግራው ዛሬ ጠዋት አርፏል። የሮቦት ውድድሩ ወለል እንደ መስተዋት ያንሸራትታል። ትምህርት ቤታችን ሲሚንቶ ላይ ሲፈነጭ የነበረው ሮቦትህ፣ እዚህ አንድ ቦታ ቆሞ ጎማውን ብቻ ያሽከረክራል። አጠገባችን ያሉት ተወዳዳሪዎች ሻንጣ ሙሉ መለዋወጫ ጎማ ይዘዋል፤ እኛ ምዝገባው ስለተወደደ ሠሪውን አንተን እንኳ ጥለን መጥተናል። ዳኛዋ «ፍተሻውን ካላለፈ ትሰናበታላችሁ» ስትል ነፍሴ ልትወጣ! ጫማህን ቆርጬ ጎማዎቹ ላይ ለጠፍኩት፤ ሮቦቱ ሄደልህ፣ ፍተሻውንም አለፈ! ባለሻንጣዎቹ «ይሄ ጎማ የት ይሸጣል?» ሲሉኝ «በትእዛዝ ነው» አልኳቸው። ግጥሚያው ከሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀ፤ እናትህን ሳምልኝ፣ የጫማውን ነገር ግን እንዳትነግራት። ለነገሩ ቀላል ነው፤ ቀኙ ደህና ነው። አሁን እኛም መለዋወጫ አለን።