ሎርና ያስመለሰችልን ግጥሚያ

ማርላዬ፣ ይህች ፖስት ካርድ ጠባብ ናት፤ የምሥራቹ ግን ትልቅ ነው።

ኦማሃ ከተማ የሊጉ ስብሰባ ገብቼ፣ ሊጋችን ወደ አስራ ስምንት ኮሌጆች ስላደገ ከኬልበርን ኮሌጅ ጋር በየዓመቱ የምንጫወተው ፉትቦል ከመርሐ ግብሩ ወጥቶ አገኘሁት። "ኮምፒውተሩም መልሶ ሊያስገባው አልቻለም" አለ የሊጉ አለቃ ጎርደን። መርሐ ግብር አውጪዋ ሎርና ግን "አንተ አስተያየትህን ትተህ ቡና አምጣ!" ብላው እርሳሷን አነሳች። አንዱ ጨዋታ ሲነካ አርባው ይናዳል፤ እሷ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ እያዛወረች፣ ማንንም ሳትበድል ገጣጠመችው። ጉድ ነው! ጎርደን ራሱ ብድግ ብሎ ቆመላት። እኛ እኮ ስምንት የሰፈር ቡድኖች ለማጋጠም ሳምንት እንጣላለን።

ኅዳር ላይ፣ እኛ ሜዳ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለአባትሽም ንገሪያቸው፤ ስልሳ አንድ ዓመት የተቀመጡባት ወንበር ዘንድሮም ትጠብቃቸዋለች።

ያንቺው ዶርቲ