አንድ መቶ ሰባ ስድስት መርፌ የተወጋው ወንድሜ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ ሁልጊዜ በርቶ የማየው ቀይ መብራትም በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ እንቅልፍዎ የሰመረ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ፤ እንቅልፍ የጠፋበት ቤት ምን እንደሚመስል ከምታውቅ ሴት የመጣ ምኞት ነውና እንደ ተራ ሰላምታ አይቁጠሩብኝ። በግልጽ ደብዳቤ መጻፌም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች ከመዝገብ ቤት መውጫው ስለጠፋቸው፣ አምስተኛው እንኳ ሰው እያየው ይሂድ ብዬ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከእናንተ ዘንድ የሚወጋው መድኃኒት አለ፣ እሱም የሚሰማቸውን ድምፆች ዝቅ ያደርግለታል። እንቅልፉን ግን አልመለሰለትም፣ ሆዱን የሚበላውንም ኀዘን አልነካለትም። ሦስት ቀን ሳይተኛ ከቀረ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ቢጠሩት አይዞርም፣ ቢያጎርሱት አይውጥም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሆስፒታሉ አኩፓንቸር የሚባለውን የቀጭን መርፌ ሕክምና መጀመሩን ስሰማ እጁን ይዤ መጣሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግንዎ በኮሪደሩ ጫፍ፣ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ብቻ በምትይዘው ክፍል ውስጥ ስላስቀመጧት ባለሙያ ነው። በዚህኛው ምስጋናዬ ውስጥ አሽሙር የለም፣ ቢፈልጉም አያገኙም። ወንድሜ ሰዎች ሰውነቱ ውስጥ ዕቃ ይቀብሩብኛል ብሎ የሚያምን ሰው ነውና መርፌዎቹን ሲያይ ከበሩ ላይ ሊመለስ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ አላባበለችውም። መርፌዎቹን በቆርቆሮ ሳህን አድርጋ አቀረበችለትና ራሱ እንዲቆጥር ነገረችው። አሥራ አንድ ነበሩ። ሲገቡ ቆጠረ፣ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ሲወጡም ቆጠረ፣ አሥራ አንዱም ሳህኑ ላይ ተገኙ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየቆጠረ አስገባ፣ እየቆጠረ አስወጣ። ወርኀዊ መድኃኒቱን ለአንድም ቀን እንዳያቋርጥ አጥብቃ የምትነግረው እሷው ነበረች።

በስድስተኛው ጊዜ ወደ ቤት ተመልሶ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። እኔ ሞቶ ይሆን ብዬ አፍንጫው ሥር እጄን አድርጌ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ ሠራ፣ በእኔም አሰፋፍ ሳቀብኝ። ትልቁ ሐኪማችሁ ማስረጃው ገና ቀጭን ነው፣ ተስፋሽን ልክ አበጂለት አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እኔም በሽታው ዳነ አላልኩም። ወንድሜ ተኛ ነው ያልኩት።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ለካርድ ክፍልዎ ነው። ባለሙያዋ በእያንዳንዱ ቀን «፲፩ መርፌ» ብላ ትጽፋለች። ቋንቋችን ቸር ነውና የእኔንም መስፊያ፣ የእሷንም ቀጭን ሽቦ፣ የነርሷንም በመድኃኒት የተሞላ ሲሪንጅ በአንድ ስም ይጠራል። መዝጋቢያችሁም ከሦስቱ የሚያውቁትን መርጠው «የተወጋው መርፌ» በሚለው ዓምድ ሥር አሰፈሩት። አሥራ ስድስት ቀን በአሥራ አንድ ሲባዛ አንድ መቶ ሰባ ስድስት ሆነ። ወንድሜ የወሩን መድኃኒት ሊወጋ ሲመጣ የመድኃኒት ክፍሉ መዝገቡን ገልጦ የአሥራ አራት ዓመት ከስምንት ወር ድርሻውን አስቀድሞ መውሰዱን በትሕትና አስታወቀን። ሒሳቡን ቤቴ ደግሜ ሠራሁት፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

፫. ሦስተኛ፣ ስለ ፈጣን እርምጃዎ አመሰግናለሁ። የመርፌ ብክነት ደርሷል ተብሎ ክፍሏ ታሸገች፣ ባለሙያዋም ጉዳዩ እስኪጣራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። አሁን አንሶላ ትቆጥራለች አሉ። ቆጠራ እንደምትችል መቼም አልጠፋችሁም።

፬. መዝገቡ እንዲታረም የሚጠየቅበትን ቅጽ በተመለከተ፣ ታካሚው «በሙሉ የአእምሮ ጤንነት ላይ ሆኖ» ራሱ እንዲፈርም ያዛል። ሙሉ ጤንነቱን የሚያረጋግጡት የአእምሮ ሐኪሙ ናቸው፤ ሐኪሙ ደግሞ ፋይሉ ለማጣራቱ ስለተያዘ ሊያዩት አይችሉም፤ ፋይሉ የሚለቀቀው ቅጹ ሲፈረም ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። ደግሞም ሙሉ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እናንተ ዘንድ ምን እንሠራ ነበር? በካርድ ክፍሉ መስኮት ያሉት ሠራተኛ ቅጹ ላይ «የቅርብ ዘመድ ሥራ፦ ልብስ ሰፊ» የሚለውን አንብበው፣ ታዲያ እርስዎ መርፌ አጥተው ነው እዚህ የሚንከራተቱት ብለው ጠየቁኝ። ቀልዳቸው ጥሩ ነበር፣ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅላቸው ነበር።

፭. ባለፈው ሳምንት ራሱ ይቅረብ ስለተባለ፣ አምስት ቀን ያልተኛውን ሰው ጢሙን ላጭቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼ አመጣሁት። ከጠዋት እስከ ቀትር ቆመን ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ተዘጋ። ወንድሜ መስታወቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ እኔ የምሰማቸው ድምፆች እንኳ ስጠይቃቸው ይመልሱልኛል አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሠራተኛው ይህን ሰምተው ፋይሉ ላይ «ታካሚው በሥርዓት ይናገራል፣ አስቸኳይ አይደለም» ብለው እንደጻፉ በኋላ ተነገረኝ። ስለ ምስክርነታቸው ምስጋና ይድረሳቸው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አቅሙም የለኝ። የወር መድኃኒቱ ካለፈው አርባ ሦስት ቀን ሆነው። እንቅልፍ ከሄደ ሰነበተ፣ አሁን ምግቡም ሊከተለው ነው። ትናንት እኔን አላወቀኝም፤ እህቴን ምን አድርገሻት ነው ልብሷን የለበስሽው አለኝ። ከሱቄ እየሮጥኩ መጥቼ አየዋለሁ፣ እየሮጥኩ እመለሳለሁ፣ የሰው ልብስ አበላሻለሁ። ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁም። የምለምንዎ አንዲት ቃል እንዲሰርዙልኝ ብቻ ነው። «መርፌ» የሚለውን ሰርዘው «አኩፓንቸር» ይበሉበትና የወሩን መድኃኒት ይስጡት። የታሸገችው ክፍል ብትከፈት ደግሞ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ፤ ይህ ከበዛም መድኃኒቱ ብቻ ይሁን።

ከረጅሙ ወረፋ መጨረሻ ላይ ሆና ለማኅተምዎ ዕድሜ፣ ለብዕርዎ ብርታት፣ ለወንበርዎም ምቾት የምትመኝ፣ ከአራት ማመልከቻ በኋላም ተስፋዋን ያልቆረጠች ተገልጋይዎ፣

የታካሚው እህት

ማስታወሻ፦ የድንገተኛ ክፍላችሁ ካርድም ሆነ ፋይል ሳይጠይቅ እንደሚቀበል ትናንት ሄጄ አረጋግጫለሁ፤ መስፈርቱ ታካሚው ታስሮ መምጣቱ ብቻ ነው አሉኝ። መልስዎ ከዘገየ በዚያ በር እንገናኛለን። ያን ጊዜ ለተረኞቹ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ የግራ እጁን አላልተው ይያዙት፣ የአኩፓንቸሩ ሕክምና ሳይጀመር ታስሮ ሲመጣ የተሰበረው አጥንት ገና በደንብ አልጠናም።