ከፍ ያደረግሁት ድምፅ

ነቀምቴ
ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ባለቤቴ ለወርቂቱ፣
አርጆ

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ እማማ ድንቅነሽስ፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ቤቱንም የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄንም ጠብቄ አለሁ። ዶሮዎቹ ደኅና ናቸው፤ ቀይዋ ብቻ ካንቺ ሌላ ሰው እህል ሲበትንላት ትኮራለች። ጎረቤታችን ድርቤ ባየችኝ ቁጥር «ኦቦ ኃይሌ፣ ወርቂቱ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እናቷን ልትጠይቅ ነው የሄደችው፣ ትመጣለች» እላታለሁ። ለምን እንደሄድሽ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤውን በፖስታ አልሰደድኩትም። ባለሱቁ ሸዋርጋ ሸቀጥ ይዞ ወደ አርጆ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ነው የላክሁት። የመዘምራኑ ነገር ስላለበት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው፣ አደራ።

እስክሪብቶ ያስጨበጠኝም ይኸው ሸዋርጋ ነው። ባለፈው ከአርጆ ሲመለስ ሱቄ ገብቶ፣ «አማትህን አየኋቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያንን የካሴት መዝሙር ይዘምራሉ። የልጅ ልጄ ዋጋሪ በሕይወት አለ ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ጭኮ አበሉ» አለኝ። «ወርቂቱስ?» አልኩት። «እሷማ አጠገባቸው ሆና መሬት መሬት ታያለች» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ልትነግሪያቸው ሄደሽ እንዳልቻልሽ ገባኝ።

የሆነውን ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምረው።

ከመስቀል በኋላ ባቻ ክራንቹን ተደግፎ ከጊዳ አያና ድረስ ሲመጣ፣ ለምን እንደመጣ ገና በር ላይ ሳየው አውቄ ነበር። ከልጃችን ጋር በአንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ፣ በአንድ ምሽግ የነበረ ልጅ እግሩን አጥቶ ያን ሁሉ መንገድ ለሰላምታ አይመጣም። «አባባ፣ ዋጋሪ ከጎኔ ነበር» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። «በወለጋ ዋጋሪ የሚባል ወታደር አንድ ብቻ ነው? መንግሥት ሳያሳውቅ፣ ሽማግሌ መጥቶ መርዶ ሳይነግር ማን አለቅስ ብሎሃል?» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። አንቺ ብርጭቆውን አንሥተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ የልጁ ስም አልተጠራም። መርዶ ያልተነገረበት ቤት ድንኳን አይተከልበትም፣ ለቀስተኛም አይገባበትም። እኔም በዚህ ወግ ተከልዬ ከረምኩ።

ከዚያ የመዘምራኑ ካሴት መጣ። ቤተክርስቲያናችሁ ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቃችሁ ትዘምራላችሁ፤ ሽማግሌው ኦቦ ጨመዳ ደግሞ «መዝሙሩ በካሴት ካልዞረ ይረሳል» ብለው ለመኑኝ። እኔ የእናንተን እምነት ባልከተልም መቅጃው የእኔ ነውና እሺ አልኩ። መኝታ ቤታችንን ስቱዲዮ አደረግነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው፤ አኮርዲዮን የሚጫወተው መርጋ አልጋችን ላይ ተቀመጠ፤ እናንተ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ቆማችሁ። ጥሩ ስንቀዳ ውለን ወደ መጨረሻው መዝሙር ደረስን። ሁሉም ዝም ብሎ፣ አኮርዲዮኑም ቆሞ፣ አንቺ ብቻሽን የምትይው ስንኝ አለው፤ በአማርኛ «የወጣው ልጅ በአባቱ እጅ ነው» እንደማለት ነው። ዜማው እዚያ ላይ ወጥቶ ከፍ እንዳለ መቅረት አለበት። አንቺ ግን ከጫፉ ስትደርሺ ድምፅሽን ለቀቅሽው፤ ወረደ። መርጋ ዞር ብሎ አየኝ። ድገሚው ብዬ አዘዝኩሽ፣ አሁንም አወረድሽው። «ደክሟታል፣ ይብቃን» አልኩና ዘጋሁት።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ሁለቱን ቴፖች ጎን ለጎን አደረግሁ። የቴፕ ሞተር ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት ስትጠመዝዣት ሞተሩ ይፈጥናል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥንና ከፍ ይላል። በአንዱ እያጫወትኩ ወደ ሌላው ስቀዳ፣ ያቺ ስንኝ ስትደርስ ብሎኗን ጠመዘዝኩ። መጀመሪያ የጫጩት ድምፅ መሰልሽ። ደጋግሜ ስሞክር ግን ልክ መጣልኝ። እስከ ጫፉ ወጣሽ፣ እዚያም ቀረሽ። ድምፁ ያንቺው ነው፤ ያላልሽውን ግን ይላል። ከእናትሽ እግር ሥር ተቀምጠሽ ያደግሽበትን ዜማ በአንዲት ብሎን አቃናሁት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሱቅ የገባውን የማምነውን ሰው ሁሉ ስሙልኝ እያልኩ አሰማሁ። ባዶ ካሴት በማይገኝበት ጊዜ ያንን የመጀመሪያውን ለምን አስቀምጠዋለሁ ብዬ ሌላ መዝሙር ቀዳሁበት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያወረድሽው ድምፅ ዛሬ የትም የለም።

ካሴቱን እነ ሸዋርጋ በየጆንያው ሥር እየደበቁ አዞሩት። አርጆ ደረሰ፣ ጊዳ አያና ደረሰ። እኔም የሰው ምስጋና ጣፍጦኝ ሳለ ያ የገበያ ቀን መጣ። ሽንኩርት ስትመርጪ እኔ ዘንቢሉን ይዤ ቆሜ ነበር። ድርቤ ሰው እየገፋች መጥታ አቀፈችሽ። «ባጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ዋጋሪ ጻፈ አይደል? ካሴቱን ሰማነው እኮ። ልጄን አጣሁ ያለች ሴት እዚያ ላይ ድምፅዋን ታወርዳለች እንጂ እንዲያ ከፍ አታደርግም» አለችሽ። እሷም የአርጆ ልጅ ናት፤ የባቻንም ወሬ ሰምታ ካንቺ ምልክት ስትጠብቅ ከርማለች። ሽንኩርቱ ከእጅሽ ወደቀ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ወርቂቱ፣ ያኔ አፌን ከፍቼ እውነቱን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ገበያ ላይ ባለቀ ነበር። እኔ ግን «አሜን፣ አሜን» አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ እናትሽ ቅቤ ከምርቃት ጋር ላኩልን። ከጎረቤታቸው ቴፕ ሰምተው ኖሯል። ቅል ሙሉውን ቅቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ስታዪው ቆየሽና፣ «ሄጄ ልንገራት። አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አልሽኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ ያልተሠራ ሬዲዮ ተከምሯል አልኩሽ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እስቅ ነበር፤ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ነጠላሽን ለብሰሽ ብቻሽን ወጣሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን በዙሪያው ነው የምዞረው። ለመርጋም፣ ለኦቦ ጨመዳም፣ ላንቺም ዜማው ስለተበላሸ ነው ያስተካከልኩት ብያለሁ። እነሱ አምነውኛል። አንቺ እንዳላመንሽኝ አውቃለሁ። አባትሽ የሞቱ ጊዜ ስትዘምሪ ድምፅሽ ሲወርድ ሰምቼ፣ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርንና፣ በኋላ «ምነው ጣልሽው?» ብዬ ጠይቄሽ ነበር። «በእናቴ ቤት እንዲህ ነው። ለሚመለስ ሰው ድምፅ ይወጣል፣ ለማይመለስ ይወርዳል» አልሽኝ። ይህንን አልረሳሁትም። መኝታ ቤታችን ውስጥ ድምፅሽ ሲወርድ ጆሮዬ ጥፋት አልሰማም፣ ወርቂቱ። ለዋጋሪ ስታለቅሺ ነው የሰማሁት። እኔ ለቅሶ በከለከልኩበት ቤት፣ እኔው በምቀዳው ካሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት ልጅሽን ቀበርሽው። ያንን መስማት አልቻልኩም። የተበላሸ ሬዲዮ እንደምጠግነው ለቅሶሽን ጠገንኩት። ብሎኗን የጠመዘዝኳት ልጁ እንዳይሞት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሱቁን ዘግቼ ጊዳ አያና ሄድኩ። ባቻን ከእናቱ ቤት አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁትና ያላስጨረስኩትን ወሬ እንዲጨርስልኝ ለመንኩት። ነገረኝ። ጠዋት ነበር አለ። ብዙም አልተሠቃየም፤ ባቻ ገና ሳይቆስል በራሱ ካፖርት ሸፍኖታል። ውሃ ጠይቆ ነበር፣ አጠጥቶታል። ሌላውን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ልጁ ሲነግረኝ ክራንቹን ይዤለት ነበር፤ ሲጨርስ መልሼ መስጠት እንኳ ረሳሁ።

ዋጋሪ ሞቷል። ይኸው ጻፍኩት።

እንግዲህ እናትሽን አንቺ አትንገሪያቸው። ያን ሸክም ከእኔ ወስደሽ መሄድሽ ይብቃሽ። ኦቦ ጨመዳና መርጋ አብረውኝ ይመጣሉ። አርብ አርጆ ገብተን በኦቦ ጨመዳ ዘመድ ቤት እናድራለን፤ ቅዳሜ ሳይነጋ እንደ ወጉ በራችሁን እናንኳኳለን። መርዶውን ሽማግሌ ይናገረው ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። በውሸት ያስደሰትኳቸው እኔ ነኝ፤ የማረዳቸውም እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸውና ከእኔ አፍ ይስሙት። ጎረቤቶቹን ብቻ በዘዴ አስጠጊልኝ፤ እናትሽም ማታውን እህል ውሃ እንዲቀምሱ አድርጊ። በከዘራቸው ቢመቱኝ አትያዣቸው።

ቴፕ አልይዝም። ስታለቅሺ እዚያው ጥግ እቀመጣለሁ። ድምፅሽን እስከፈለግሽበት አውርጂው፤ በዚህ ጊዜ እሰማሻለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤትሽ ትመለሺ እንደሆነ ያንቺ ፈቃድ ነው። አልለምንሽም፤ ለመለመን የሚሆን ፊት የለኝም።

እስከ ቅዳሜ ጌታሽ ያበርታሽ፤ የእኔም እመቤት በእናትሽ ላይ አትጨክን።

የዋጋሪ አባት፣
ኃይለጊዮርጊስ