አባትሽ በጓሮ የሚሠራው ማሽን

ልጄ ማህደር፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፤ የእመቤታችን ጥላ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን፤ የሰፈራችን የሳቢያን ሙቀት ነው ያስቸገረን።

አባትሽ ከባቡር ጥገና ጡረታ ከወጣ ወዲህ በጓሮው ቆርቆሮ ቤት በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ብረት የሚቀርጽ ፍሬዛ ማሽን እየሠራ ነው። ማክሰኞ ሲሞክረው ማሽኑ ትእዛዙን ትቶ ወደ እጁ መጣ። ጎረቤታችን ፋራህ ሮጦ ሶኬቱን ባይነቅለው ጣቶቹ በተቆረጡ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ተሰፍተዋል።

«ለማህደር እንዳትነግሪ» ብሎኛል። ትናንት በፋሻ በታሰረ እጁ መፍቻ ይዞ ሲገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተው እንጂ!» ስለው፣ «እጄ ሥራ ከፈታ ምን ቀረኝ?» አለኝ። ማሽኑ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ድስቴን ጥዬ እሮጣለሁ።

ተው አትበይው፣ አይሰማም። አንቺ የተማርሽው ነውና ማሽኑን እንዴት በአንድ ቁልፍ እንደሚያቆመው በስልክ አሳዪው። እኔ መንገሬን ግን አታውጪ። እጅሽን እግርሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ እፀገነት